ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ሙሉመቤት ለልጓም ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የልጓም ሞባይል አፕ አዘጋጅ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ እንቢ እንድባል እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎና እንቅልፍ የማያውቁት ኮምፒውተሮችዎ ሁሉ፣ ይህ ደብዳቤ በያላችሁበት በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። የእናትዎንና የአባትዎን ጤና ለይቼ ያልጠየቅሁት ክብር ነፍጌ አይደለም፤ በእርስዎ መዝገብ ወላጅ የሚባለው ማን፣ ልጅ የሚባለውስ ማን እንደሆነ ግራ ስለገባኝ፣ ያልሆነ ሰው ጠይቄ እንዳላስቀይምዎ ፈርቼ ነው።

እኔ በሐዋሳ ከተማ ታቦር ተራራ ሥር የምኖር፣ ባሌን በሞት ያጣሁ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ድርጅትዎ ሠርቶ ለሕዝብ ያቀረበው፣ ልጆች በስልክ ጨዋታ ጊዜያቸውን እንዳይፈጁ ሰዓት እየቆጠረ የሚዘጋባቸው ልጓም የተባለው አፕ በእኔም ስልክ ላይ ተጭኖ ይገኛል። የጫነልኝ አዲስ አበባ የሚኖረው አንድ ልጄ ብሩክ ነው። በአፕዎ ውስጥ ወላጅ ተብሎ የተመዘገበው እሱ ሲሆን፣ ልጅ ተብዬ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የአለቆችን ደብዳቤ ስተይብ ስለሆነ ለትልቅ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ አይጠፋኝም፤ «በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚለውን ቃል ከገዛ ስሜ አብልጬ ጽፌዋለሁ። ለራሴ ጉዳይ ስጽፈው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነውና፣ ጉድለት ቢያገኙበት ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ጉዳዬን በአደባባይ ያወጣሁት ደፋር ሆኜ እንዳይመስልዎ። አስቀድሜ በአፕዎ ውስጥ «እርዳታ» በሚለው በር ገብቼ፣ ማንም ሳይሰማ በጨዋ ደንብ አመልክቼ ነበር። የድርጅትዎን ቅልጥፍና ሳላደንቅ አላልፍም፤ ጣቴን ከስልኩ ሳላነሳ መልስ መጣልኝ። መልሱም «ውድ ልጃችን፣ አስተያየትሽ ደርሶናል፤ ዕድሜሽ ስላልደረሰ ጥያቄሽን ለወላጅሽ አስተላልፈናል» የሚል ነበር። ወላጄ የተባለውም ወዲያውኑ ሩብ ሰዓት ጨዋታ ጨመረልኝ። በሥራ ዘመኔ ለአቤቱታ የሚሰጥ ብዙ ዓይነት መልስ አይቻለሁ፤ ነገ ተመለሺ ሲባል፣ ፋይሉ ጠፍቷል ሲባል፣ አለቃው መስክ ወጥቷል ሲባል ሰምቻለሁ። አቤት ብሎ ሩብ ሰዓት ጨዋታ የተሸለመ ባለጉዳይ ግን ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ተከራዬ ኤደን በፌስቡክ ገጿ ላይ እንድታወጣልኝ ለምኛት እሺ ብላኛለች።

ነገሩን ከሥሩ እንዲረዱልኝ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ባለቤቴ ገብረየስ ያረፈ ሰሞን ቤቴ ሰው አያጣም ነበር። ድንኳኑ ሲነሳ፣ የዕድሩ ወንበርና ድስት ሲመለስ፣ ሰዉም አብሮ ወደየቦታው ተመለሰ። በማንም ቅር አልተሰኘሁም፤ ሁሉም የየራሱ ኑሮ አለበት። ገብረየስ ግን ሬዲዮ ሳይከፍት የጫማውን ማሰሪያ እንኳ የማያስር ሰው ስለነበር፣ ጆሮዬ ቤት ውስጥ ድምፅ ለምዷል። ሬዲዮውን ራሴ ስከፍተው ደግሞ እሱ ጓዳ ያለ እየመሰለኝ ሆዴ ይባባል። ያን ጊዜ ነው የጓሮውን ክፍል የተከራየችኝ ኤደን፣ የደሴ ልጅ ናት፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ዝም ብዬ መቀመጤን አይታ ስልኬ ላይ አንድ ጨዋታ የጫነችልኝ። ሎሚውን ከሎሚ፣ ማንጎውን ከማንጎ ሦስት ሦስት አድርገው ሲያገጣጥሙት ፈንድቶ የሚጠፋበት ጨዋታ ነው። ሲፈነዳ ደስ የሚል ድምፅ አለው። ሰው አይደለም፤ ግን ከዝምታው ይሻላል።

እንደ ማንኛውም ልጅ ልኬን አላወቅሁም። አንድ ቀን ምስር ወጥ ጥጄ ማንጎ ሳፈነዳ፣ ወጡ ከነድስቱ አረረ። ይህን ለብሩክ በስልክ የነገርኩት እንዲስቅልኝ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም። ለአባቱ ሙት ዓመት ሲመጣ ስልኬን ከእጄ ተቀብሎ፣ «እማዬ፣ ለዓይንሽም ለቤትሽም ብዬ ነው» እያለ የእርስዎን አፕ ጫነልኝ። በቀን አንድ ሰዓት ተፈቀደልኝ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ስክሪኑ ይዘጋና «ወላጅሽን ፈቃድ ጠይቂ» የሚል ቁልፍ ብቻ ይቀራል። ልጄ ባያስብልኝ ይህን አያደርግም ብዬ በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅዎትም።

ከዚህ ቀጥሎ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ፤ በተራ ቁጥር ያልቀረበ ጉዳይ እንደማይነበብ ከሥራ ልምዴ አውቃለሁና።

አንደኛ፦ ስለ ስሜ። አፕዎ የልጅቱን ስም ሲጠይቅ ብሩክ «ሙሉመቤት» ብሎ ጻፈ። የአባት ስም ግን አልጠየቀውም፤ በአገራችን ልጅ በአባቱ ስም እንደሚጠራ ስለሚያውቅ የወላጁን ስም ራሱ ቀጥሎ «ሙሉመቤት ብሩክ» አደረገኝ። የውጭ አገር አፕ ቢሆን ኖሮ ይህን ባህላችንን ከየት ያውቀዋል። እኔ የወልደጻድቅ ልጅ ነኝ። ባል ሳገባ እንኳ ማንም የአባቴን ስም ቀይሪ አላለኝም፤ ገብረየስ በጋብቻ ያልነካውን ስም እርስዎ በአንድ ቀን ነጠቁኝ። ከዚህም በላይ ልጄ አባቴ ከሆነ፣ የልጄ አባት ገብረየስ እንግዲህ አያቴ መሆኑ ነው። ከአያቴ ጋር ትዳር መሥርቼ መኖሬን ያወቅሁት በእርስዎ አፕ አማካይነት ነው። ገብረየስ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲስቅ ድምፅ ሳያወጣ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር፤ ይህን ቢሰማ ወንበሩ አብሮት ይንቀጠቀጥ ነበር። ብቻዬን ስስቅበት ግን ብዙም አልጣመኝም።

ሁለተኛ፦ ስለ ዕድሜዬ። ብሩክ የተወለድኩበትን ዓመት በትክክል ሊሞላ ቢሞክር አፕዎ አልቀበልም አለው፤ ልጅ ከአሥራ ሰባት ዓመት መብለጥ የለበትም ተባለ። ስለዚህ ቀኑንና ወሩን እንዳለ ትቶ ዓመቱን ብቻ ለወጠና አሥራ ሁለት ዓመት ሰጠኝ። ለምን አሥራ ሁለትን እንደመረጠ ብጠይቀው መጀመሪያ የመጣለት ቁጥር መሆኑን ነገረኝ። በቅርቡ የልደቴ ቀን ሲደርስ «እንኳን ለአሥራ ሦስተኛ ዓመትሽ አደረሰሽ» ብላችሁ ቀይና ቢጫ ፊኛ በስክሪኔ ላይ ለቀቃችሁልኝ። በዚያ ቀን እንኳን አደረሰሽ ያለኝ የእርስዎ ድርጅት ብቻ ስለሆነ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ፊኛው ወደላይ ወጥቶ እስኪጠፋ አየሁትና ደግሞ ይመጣ እንደሆነ ስልኩን ዘግቼ ከፈትሁት፤ አልመጣም።

ሦስተኛ፦ ይህ አጭር ነው። ሰዓቴ ሲሞላ «ጊዜሽ አልቋል» ትሉኛላችሁ። አንቺ መባሉ ይቅር፤ ነገር ግን በእኔ ዕድሜ ላለች ሴት፣ ብቻዋን በተቀመጠችበት፣ በትልልቅ ፊደል የሚጻፍ ነገር ነው? ቢያንስ «ጊዜዎ አልቋል» ቢሉኝ በክብር አልቅ ነበር።

አራተኛ፦ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት የሚነግረኝን አፕ፣ ሥዕል ስለበዛበት ይሁን ደወል ስላለው አላውቅም፣ ልጓም ጨዋታ ነው ብሎ ፈርጆ ዘጋብኝ። በዚህ ምክንያት የነነዌ ጾም መግባቱን ሳላውቅ ቅቤ ያለው ወጥ በላሁ። ለንስሐ አባቴ ስናገር እንዴት ብዬ እንደማስረዳ ጨንቆኝ፣ ስልኬ ከለከለኝ ብዬ ጀምሬ ተውኩት። ኃጢአቱን በግማሽ እንዲጋሩኝ አሳስባለሁ።

እስከዚህ ያለውን እንደ ቀልድ ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ እኔም ከአፕዎ ጋር ተስማምቼ የኖርኩት በቀልድ ነው። ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነውን አምስተኛውን ነገር ግን በአንድ ቁጥር ሥር መጨረስ አልችልምና፣ ቁጥሩን ትቼ እንዲሁ ብነግርዎ ይታገሡኝ።

ያ «ወላጅሽን ፈቃድ ጠይቂ» የሚለው ቁልፍ መጀመሪያ አናድዶኝ ነበር። ወላጆቼ ካረፉ ዘመን ሆኗቸዋል። አንድ ቀን ግን ሰዓቴ ሲሞላ፣ እስቲ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ቁልፉን ነካሁት። ወዲያው «ብሩክ ፈቅዷል። ጎበዝ ልጅ፣ ወላጅሽ ኮርቶብሻል» የሚል ጽሑፍ መጣና ሩብ ሰዓት ተጨመረልኝ። ክቡር ሆይ፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ በሳቅ ፈረስኩ። ብሩክ ልጅ ሳለ ከቤታችን በታች ባለው ሜዳ ኳስ ለመጫወት ሲለምነኝ፣ በር ላይ ቆሜ «ሩብ ሰዓት ብቻ» እለው ነበር፤ ሲመለስም አቧራውን እያራገፍኩ «ጎበዝ» እለው ነበር። ያን አስታውሶ፣ ያ ሁሉ ሥራ እያለበት፣ ብድሩን በጨዋታ የሚመልስልኝ መሰለኝ። አባቱም እንዲህ ፊቱን ሳይፈታ የሚቀልድ ሰው ስለነበር አልተጠራጠርኩም።

ስደውልለት ብሩክ ስብሰባ ላይ ነው። እውነቱን ነው፤ የሚዋሽ ልጅ አላሳደግሁም። «እማዬ፣ መልሼ እደውላለሁ» ይለኛል፤ መልሶ የሚደውለው ግን ስብሰባው ሲያልቅ ነው፣ ስብሰባው ደግሞ አያልቅም። ቁልፉን ስነካው ግን ስሙ ብቅ ይላል። ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰለዎ፤ በየቀኑ ሰዓቴ እስኪሞላ ድረስ መጫወት ጀመርኩ። ጨዋታውን መውደድ ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ማንጎ ሳይ ያቅለሸልሸኛል። የምጫወተው ሰዓቱ ቶሎ እንዲያልቅልኝና ልጄን ፈቃድ እንድጠይቅ ነው። ጨዋታን ለመቀነስ የተሠራው አፕዎ በእኔ ቤት ያስገኘው ውጤት ይህ ስለሆነ፣ ለማስታወቂያዎ ቢፈልጉት ስሜን መጠቀም ይችላሉ፤ የትኛውን ስሜን እንደሆነ ግን አስቀድመው ያሳውቁኝ።

በዚህ ላይ ጉራ ጨመርኩበት። በየወሩ የምንገናኝበት የማርያም ማኅበር አለን፤ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ የሚወራው ስለ ልጆች ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ አለምነሽ፣ ቱላ በሚባለው አገር የሚያርስ ልጅ አላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አቮካዶ በባጃጅ ጭኖ ይመጣና እናቱ ዘንድ ሲጫወት ይውላል። ድሮ እሷ ስለ አቮካዶው ስታወራ እኔ እግሬን አይ ነበር። ከልጓም ወዲህ ግን አንገቴን ቀና አድርጌ፣ የእኔ ብሩክ በቀን በቀን ሳያነጋግረኝ እንደማይውል አወራሁ። ምን ይልሻል ሲሉኝ፣ ጎበዝ ይለኛል፣ ኮርቼብሻለሁ ይለኛል አልኳቸው። አለምነሽ «መታደል ነው» ስትል ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ብነግርዎ ይታዘቡኛል።

ባለፈው ወር የብሩክ መሥሪያ ቤት፣ እንደ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ፣ ዎርክሾፑን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አደረገ። ልጄ የሚያድረው ከቤቴ የአንድ ባጃጅ መንገድ ርቀት ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ስለማያፈናፍነው እስከ መጨረሻው ቀን መምጣት አልቻለም፤ በመጨረሻው ቀን ግን ለምሳ መጣ። ቆሮሶ ዓሣ ጠብሼ ጠበቅሁት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፤ የብሩክም ስልክ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር፣ መብራት ሲመጣ እንዲሞላ ቻርጀሩ ላይ ሰክቶ ቡፌው ላይ አጋደመው። መብራት ያጠፋውን ሰው ማንም ይሁን ማን በልቤ መረቅሁት። ልጄ ስልክ ሳይዝ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ እሾሁን በጣቱ እየለየ ሲበላ ካየሁት ቆይቼ ነበር። ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፤ ስለ አለቃው አማረረልኝ፤ ዓሣውን ጨርሶ ከእኔ ሳህን ላይ ጨመረ። ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም አለና እንደ ልጅነቱ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወሰደው።

እኔ እንዳልቀሰቅሰው ድምፁን ቀንሼ ማንጎዬን ማፈንዳት ያዝኩ። ሰዓቴ ሞላ። አንድ ተንኮል መጣልኝ፤ አሁን ፈቃድ ልጠይቀው፣ መብራት መጥቶ ስልኩ ሲከፈት ጥያቄዬን እዚሁ አጠገቤ ሆኖ ያያል፣ ያን ጊዜ ፊት ለፊት እንሳሳቃለን አልኩ። ቁልፉን ነካሁት። ወዲያው፣ «ብሩክ ፈቅዷል። ጎበዝ ልጅ፣ ወላጅሽ ኮርቶብሻል» አለኝ።

ብሩክ ያንኮራፋል። ስልኩ ቡፌው ላይ ጠቁሮ ተኝቷል። እሱን አየሁ፣ ስልኩን አየሁ፣ መልሼ በእጄ ያለውን አየሁ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ ዕድሜዬን ጽሕፈት ቤት የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አለቃው ሳያየው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ምን እንደሚመስል ጠንቅቄ አውቃለሁ። አልቀሰቀስኩትም። ነጠላዬን አለበስኩትና ጓዳ ገብቼ ሳህን አጠብኩ፤ ሳህኖቹ ግን ቀደም ብለው ታጥበው ነበር።

መብራቱ መጣ፤ ስልኩ ነቃ፤ የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ እየተንጫጫ ገባ። ብሩክም ነቃና ስልኩን አንስቶ ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የሆነ ነገር ሊለኝ የፈለገ መስሎኝ እጄን በቀሚሴ እያደረቅሁ ጠበቅሁት። «እማዬ፣ ባጃጁ መጥቷል መሰለኝ» አለና ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። እኔም ደህና ግባ አልኩት።

ኤደን ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ስለ ልጓም የተጻፈውን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። አነበበችልኝ። «ፈጣን ፈቃድ» የሚባል አገልግሎት አለዎ፤ ወላጅ ሳይደክም ፈቃዱም ምስጋናውም በስሙ የሚላክበት፣ አፑ ከተጫነ ቀን ጀምሮ ራሱ የሚሠራ፣ ማጥፋት የሚቻለውም ከወላጅ ስልክ ብቻ የሆነ። በማስታወቂያዎም ላይ «ውድ ወላጅ፣ እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ፤ ፍቅርዎን እኛ እናደርስልዎታለን» ተብሎ ተጽፏል። ልጄን እርስዎ ብላችሁታል፤ እንዲህ ያለ አክብሮት ማየት ያስደስታል። ኤደን አንብባ ስትጨርስ ወደ እኔ አላየችም፤ ፈተና እንዳለባት ነግራኝ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ግን ፈተናዋን ከጨረሰች ሳምንት ሆኗት ነበር።

ምናልባት ብሩክ ራሱ ይህን አገልግሎት አያውቀው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለጥቂት ጊዜ ይህ አጽናንቶኝ ነበር። በኋላ ግን ባያውቅ ማለት ያ ሁሉ ጥያቄዬ አንድም ቀን ዓይኑ ላይ አላረፈም ማለት መሆኑ ገባኝና፣ ቢያውቅ ይሻለኝ እንደሆነ ወይስ ባያውቅ፣ እስከ ዛሬ ወስኜ አልጨረስኩም። በቀደም ማኅበር ላይ አለምነሽ «ዛሬስ ልጅሽ ምን አለሽ?» ስትለኝ፣ ጎበዝ አለኝ አልኳት። እስከዚያ ድረስ በውሸት አልነበረም የምኮራው። አሁን ግን እያወቅሁ እዋሻለሁ፤ ይህንንም ለንስሐ አባቴ መንገር ይኖርብኛል።

ደውለሽ ለምን አልነገርሽውም ይሉኝ ይሆናል። ብነግረው ይደነግጣል። ደንግጦ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ይደውልልኛል፤ ድምፁ ውስጥ ደግሞ ግዴታው ይሰማኛል፤ ከዚያ ስብሰባው ይመጣል። እኔ የምፈልገው ይቅርታውን አይደለም። ልጄ በቀን ውስጥ ለአንዲት ደቂቃ ስሜን አይቶ፣ በገዛ ጣቱ የሆነ ነገር እንዲነካልኝ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ልጓምን ከስልኬ አንሱልኝ አልልም። ስሜንም አንመልስልሽም ብትሉኝ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴን ጨርሼ አሥራ አራት ብገባም ግድ የለኝም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእኔ ስልክ ላይ ፈጣን ፈቃድ የሚባለውን ያጥፉልኝ። ጥያቄዬ በቀጥታ ወደ ልጄ ይሂድ። እዚያ ቆይቶ ይጠብቀው፤ ሥራ ካለበት ይቆይ፣ አንድ ቀንም ሁለት ቀንም ይቆይ፣ እኔ ጊዜ አለኝ። እንቢ ማለት ከፈለገ እንቢ ይበለኝ። እኔም ስንት ቀን እንቢ ብዬዋለሁ፤ እንቢ ያልኩት ግን ዓይኑን እያየሁ ነው። የእርስዎ ማሽን አንድም ቀን እንቢ ብሎኝ አያውቅም፤ ብቻዬን መሆኔን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ስለሰጡኝ ሩብ ሰዓቶች ሁሉ፣ ስለ ፊኛው፣ ስለ አዲሱ አባቴና ስለ ጎበዝነቴ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ የእርስዎም ልጆች አድገው ሥራ ሲበዛባቸው ፍቅራቸውን የሚያደርስላቸው ትጉ ድርጅት እንዳያጡ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማያልቅ ትርፍ ጊዜ ጋር፣

ሙሉመቤት ወልደጻድቅ
(በእርስዎ መዝገብ፦ ሙሉመቤት ብሩክ)
ሐዋሳ፣ ታቦር

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አለምነሽ፦ መታደል ነው ያልሽውን መልሰሽ እንድትወስጂ፤
ለኤደን፦ ፈተናሽን ስለማውቅ እንዳትደበቂኝ፤
ለአቶ ብሩክ ገብረየስ፦ ስብሰባው ሲያልቅ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ኤደን መጥታ እስክትወስደው ድረስ፣ እንደ ልማዴ ሰዓቴን ተጫውቼ ሞላሁና ፈቃድ ጠየቅሁ። ወትሮ ጣቴን ሳላነሳ የሚመጣው መልስ ዛሬ አልመጣም። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ከቤት ወጥቼ ደጅ ላይ ቆሜም ሞከርኩ። «ጥያቄሽ የወላጅሽን መልስ እየጠበቀ ነው» ይላል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አገልግሎቱን ማጥፋት የሚቻለው ከወላጅ ስልክ ብቻ መሆኑን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ምክንያቱን እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ነገሩ የኔትወርክ መቋረጥ ከሆነ ግን፣ በዚያ በማደንቀው ቅልጥፍናዎ ቸኩለው እንዳይነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁት ነው።